የጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማዋ መሃል በስተደቡብ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ አዘዞ አካባቢ የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ይገኛል። ነዋሪው «የአዘዞ ኤርፖርት» ይለዋል። ወደ ጎንደር የሚሄድ ሻንጣ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የያዛቸው ሦስት ፊደላት ጂ፣ ዲ እና ኪው ናቸው። የዓለም አየር መንገዶች ከተማዋን የሚያውቋት በዚሁ ምልክት ነው።

ጎንደር ራሷ ዳገትና ቁልቁለት ናት። በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል አውሮፕላን የሚንደረደርበት ሜዳ ማግኘት ከባድ ነው። ወደ ደንቢያ ሲወርዱ ግን መሬቱ ይዘረጋል። አዘዞን ሰው የመረጠው ደግሞ ዛሬ አይደለም። አፄ ሱስንዮስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገነተ ኢየሱስ የተባለውን መንበራቸውን ያቆሙት እዚሁ ነበር፤ ጎንደር ገና ሳትቆረቆር ማለት ነው።

አውሮፕላን ወደ አዘዞ የመጣው በጣልያን ወረራ ዘመን ነው። ጣልያኖች በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ ምሽጋቸው ጎንደር በሆነች ጊዜ፣ የቀሯቸው ጥቂት ተዋጊ አውሮፕላኖች የሚነሡት ከዚህ አካባቢ ነበር። ጥቅምት 1934 ዓ.ም. ከነዚህ ተዋጊዎች አንዷ፣ ፊያት የተባለችው፣ በደቡብ አፍሪካ አብራሪ ተመትታ ወደቀች። በምሥራቅ አፍሪካው ዘመቻ የመጨረሻው የአየር ላይ ፍልሚያ ይህ ነበር። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የጎንደሩ የጣልያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ናዚ እጁን ሰጠ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የመጀመሪያ አውሮፕላኖቹ ዲሲ-3 ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን የሚያያይዘው የታሪካዊ ቦታዎች መስመር ተለመደ። በመኪና ቀናት የሚፈጀውን ጉዞ ቱሪስቱ በአጫጭር በረራዎች ይጨርሰዋል። የፋሲል ግቢ በ1979፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ በ1978 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ሁለቱንም ለማየት ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው አዘዞ ነው።

ስሙ ላይ ትንሽ ልቁም። ካሳ ኃይሉ የቋራ ልጅ ናቸው፤ ቋራ ደግሞ ጎንደር ናት። ይሁንና በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን የዘረፉትና አብያተ ክርስቲያናቷን ያቃጠሉትም እኚሁ አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ጎንደሬው ይህን ያውቃል። አገር አንድ ለማድረግ የደከሙትን ንጉሥ ግን አይተዋቸውም፤ የከተማዋን የሰማይ በር በስማቸው መጥራቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚደገፍበት ነገር ይቀንሳል፤ ሞተሩም ጉልበቱ ይደክማል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ረዘም አድርጎ መንደርደር አለበት። በፀሐይ ቀን ደግሞ ይብሳል። አስፋልቱ ማኮብኮቢያ ረጅም መሆኑ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ብዙውን ጊዜ የሚመላለሰው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው-400 ነው፤ ከ70 ሰው በላይ ይይዛል። ቦይንግ 737ም ያርፋል። ከቦሌ ጎንደር በረራው አንድ ሰዓት ከምናምን ነው።

በ2009 ዓ.ም. የኤርፖርቶች ድርጅት ከአየር መንገዱ ጋር ተዋህዶ አንድ ግሩፕ ስለሆነ፣ ተርሚናሉንም በረራውንም የሚያስተዳድረው ያው ተቋም ነው። ተሳፋሪው ፍተሻውን ጨርሶ፣ ቦርዲንግ ፓሱን ይዞ፣ አስፋልቱ ላይ በእግሩ ተራምዶ በደረጃ ይወጣል። ነጠላ የለበሱ እናት፣ የሆቴል ባጅ ያንጠለጠለ አስጎብኚ፣ ላፕቶፕ የያዘ የዩኒቨርሲቲ መምህር አንድ ሰልፍ ላይ ናቸው። በጥምቀት ሰሞን ሰልፉ ይረዝማል፤ ትኬት በጊዜ ያልቆረጠ ቦታ አያገኝም። ውጭ አገር የሚኖረው የጎንደር ልጅም ቤተሰቡን ለማየት የሚመጣው ያኔ ነው፤ ግን ቦሌ ላይ አውሮፕላን መቀየር የግድ ነው።

ማረፊያው ክፉ ቀንም አይቷል። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ከትግራይ የተተኮሰ ሮኬት አካባቢውን መታ፤ ጉዳትም ደረሰ። በ2015 ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታ በረራ ለቀናት ተቋርጦ ነበር። እነዚያ ቀናት ማረፊያው ለነዋሪው ምን እንደሆነ አሳይተዋል። ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ ወይም ሲያስፈራ ከአውሮፕላን ሌላ አማራጭ የለም። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር የተባለ ሕመምተኛ የሚያየው ትኬቱን ነው። አቅም ያለው ይበራል። የሌለው መንገዱ እስኪከፈት ይጠብቃል፤ ወይም ዘመድ ተሰባስቦ ያዋጣለታል። ስለ ጎንደር ኤርፖርት ሲወራ ቱሪስቱ ብቻ መነሣቱ የሚከነክነኝ ለዚህ ነው። ከሆቴሎቹ አልጋ እኩል የትኬቱ ዋጋና የበረራው ብዛት ለሕመምተኛውና ለተማሪውም ታስቦ ሊወሰን ይገባል።