ቾክ ምንድን ነው? ኃይል ጨማሪ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ሰው በቪዲዮ ስለ ተርኪ፣ ማለትም ዶሮ ስለሚመስለው ትልቅ የዱር ወፍ፣ አደን ሲያስረዳ ሰማሁት። «ለጀማሪ ጠባቡን ቾክ ግዙለት። ቾኩ በጠበበ ቁጥር ጥይቱ ጉልበት ያገኛል። የውሃ ጎማ ጫፍ በአውራ ጣት እንደ መጫን ነው» አለ። ይህቺን የውሃ ጎማ ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። ዘንድሮስ ዝም ማለት አቃተኝ።

ቾክ ስል የአስተማሪው ጠመኔ አይደለም። የድሮ መኪና በብርድ ሲነሳ የሚሳበውም አይደለም፤ ቃሉ ግን ከዚያኛው ጋር አንድ ነው፣ ማነቅ ማለት ነው። ሾትገን በአንድ ተኩስ ብዙ ደቃቅ ፍሬ የሚተፋ ጠመንጃ ነው፤ ቾኩ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ መጥበብ ናት። ዛሬ በአብዛኛው ተፈትታ የምትቀየር አጭር ቱቦ ሆና ትመጣለች። ትንሽ ስል የእውነት ትንሽ ነው። ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው፤ የ12 ጌጅ አፈሙዝ ውስጡ 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ፉል የሚባለው ቾክ ከዚህ ላይ የሚቀንሰው 0.9 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሞዲፋይድ ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ሩብ። ለተርኪ ተብለው የሚሸጡት ደግሞ ከፉልም ይጠብባሉ።

ሥራዋ አንድ ነው፦ ፍሬዎቹን ሰብስቦ መሸኘት። በተለምዶ ፉል የሚባለው በ40 ያርድ፣ ማለትም 36 ሜትር ተኩል ላይ፣ 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ከፍሬዎቹ 70 በመቶውን የሚያሳርፍ ነው። ሞዲፋይድ 60፣ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር 50፣ ምንም መጥበብ የሌለው 40 በመቶ። ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ ስለ ጉልበት የሚናገር ቁጥር የለም።

ውሃ ጠባብ ቦታ ሲያገኝ ይፈጥናል፤ ከኋላው የሚገፋው አያቋርጥማ። ፍሬው ግን አፈሙዙ ጫፍ ሲደርስ ባሩዱ ሥራውን ጨርሷል ማለት ይቻላል። በሰከንድ 365 ሜትር ገደማ እየበረረ የመጣ ፍሬ፣ በጠባቡም ወጣ በሰፊው፣ የፍጥነቱ ልዩነት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።

ምሳሌ ካስፈለገ ጀበና አለላችሁ። ቡናው የሚቀጥነውም የሚወፍረውም በዱቄቱና በአፈላሉ ነው። የጀበናው አፍ ስለጠበበ ቀጭኑ ቡና ወፍራም አይሆንም። ጠባብ አፍ የሚጠቅመው ቡናው ረከቦቱን ሳያጥለቀልቅ ሲኒው ውስጥ እንዲገባ ነው። ጥይቱ ዱቄቱ ነው፣ ቾኩ የጀበናው አፍ። ሲኒው ደግሞ የተርኪው ጭንቅላትና አንገት ነው፤ ተርኪ ገላው ላይ አይተኮስም። ምሳሌውን ትንሽ ልጎትተው። ከፍ አድርጋችሁ ብትቀዱ ቀጭኗ ቡና አሁንም ሲኒው ላይ ታርፋለች፣ ግን ቀዝቅዛ ነው የምትደርሰው። የእርሳስ ፍሬም እንዲሁ ነው። በ60 ያርድ ጠባቡ ቾክ አንገቱን ያስመታችሁ ይሆናል። እያንዳንዷ ፍሬ ግን ጉልበቷን መንገድ ላይ ጥላዋለች። ወፉ ቆስሎ ጫካ ይገባል፣ እናንተም አታገኙትም። ያ የቪዲዮው ሰውዬ «በጠባብ ቾክ ሩቅ ይመታል» ሲል እውነቱ ግማሽ ነው። ሩቅ ድረስ አይበተንም። ሩቅ ድረስ አይገድልም።

የተንግስተን ጥይት ነገሩን ይለውጠዋል፣ አልክድም። ከእርሳስ በጣም ስለሚከብድ ደቃቋ 9 ቁጥር ፍሬ እንኳ ጉልበቷን ይዛ ትሄዳለች። ዋጋው ግን ኪስ ያቃጥላል። ደግሞ ያኔም ጉልበቱ የመጣው ከጥይቱ ነው፤ ከቡናው ዱቄት እንጂ ከጀበናው አፍ አይደለም።

አሁን ወደ ጀማሪው ልምጣ። የበገንኩት በእሱ ነው።

አምና በሚያዝያ የእህቴን ልጅ ቨርጂኒያ ውስጥ ይዤው ወጣሁ። ወቅቱ ከሁዳዴና ከፋሲካ ጋር እየተጋጨ ስንቱን አጨቃጭቆናል። በጥይት የወደቀ ሥጋ ይበላል አይበላም የሚለውማ ለሌላ ቀን ይቆየን። ልጁ ሱቅ ሄዶ፣ ሻጩ መክሮት፣ እጅግ ጠባብ የሆነ የተርኪ ቾክ ገዝቶ ነበር። እኔም አየሁና ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሊነጋጋ ሲል አንድ አውራ ተርኪ ከወዲያ ማዶ ጮኸ። የሴቷን ድምፅ የምታስመስለውን የመጥሪያ ሳጥን ሁለቴ አስጮህኩለት። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ጅራቱን ዘርግቶ፣ ክንፉን መሬት ላይ እየጎተተ፣ ፊታችን ተንጎራደደ። አሥራ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። ልጁ ተኮሰ። አውራው ብድግ ብሎ በረረ። «ጋሼ፣ መታሁት አይደል?» አለኝ። አንዲት ላባ አልወደቀችም።

ከሰዓት በኋላ ካርቶን ላይ ክብ ስለን በዚያው ርቀት አስተኮስኩት። ፍሬዎቹ ሁሉ ጡጫዬ በሚሸፍነው አንድ ቀዳዳ ገቡ። እስቲ አስቡት። በሕይወቱ መጀመሪያ ተርኪ ያየ ልጅ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ የምትወዛወዝ ጭንቅላት በጡጫ እንዲመታ ነው የተፈረደበት። ደግሞ ጀማሪ ወፉን ለማየት ጉንጩን ከሰደፉ ያነሳል፤ ሲያነሳ ጥይቱ በላይ ያልፋል። የሚንቀጠቀጥ እጅ ከሲኒ አፍ በሚቀጥን ቡና ሲቀዳ እንዲህ ነው።

ስለዚህ በእኔ ሚዛን ለጀማሪ 20 ጌጅ፣ ሞዲፋይድ ቾክ፣ ወፉም 25 እርምጃ ውስጥ እስኪገባ ትዕግሥት። 20 ያልኩት ሰደፉ ትከሻውን እንዳይደልቀውና ቃታውን በሳበ ቁጥር ዓይኑን እንዳይጨፍን ነው። የጌጅ ቁጥር ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፤ 20 ከ12 ይጠብባል። ይህን ስል አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ እንቅልፍ አይወስደኝም። የ20 ጌጅ ጥይት በስህተት 12 ጌጅ ውስጥ ከገባ ሾልኮ አፈሙዙ መሃል ይቀረቀራል። ከኋላው 12 አጉርሶ የተኮሰ ሰው አፈሙዙ እጁ ላይ ይፈነዳል። የ20 ጥይት ቢጫ ሆኖ የሚሠራው ለዚህ ነው። አንዱ 12፣ ሌላው 20 ይዞ ከወጣ ጥይታችሁን አንድ ኪስ ውስጥ አትክተቱ።

ቾክ ስትቀይሩም መጀመሪያ ጥይቱን አውጡ፣ ጥይት መጉረሻው ባዶ መሆኑን በዓይናችሁ ሳታዩ የቾክ መፍቻውን አታንሱ። ቱቦ የሚቀበል አፈሙዝ ያለ ቱቦ አይተኮስበትም፤ ጥርሱ ይበላሻል። የብረት ፍሬ ደግሞ በጣም በጠበበ ቾክ አትተኩሱ። ብረት እንደ እርሳስ እሺ ብሎ አይጨመቅም።

ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ልብስም ተዉ። የአውራው ጭንቅላት በእነዚህ ቀለማት ነው፤ ሌላ አዳኝ ከቅጠል መሃል ሲያይ ምን እንደሚመስለው መገመት አያቅታችሁም።

ልጁ ዘንድሮ ሞዲፋይዱን አስገብቶ በ10፣ በ20 እና በ30 እርምጃ ካርቶን ላይ ሲተኩስ ከረመ። ካርቶኖቹን ቀን ጽፎባቸው ጋራዥ ግድግዳ ላይ ሰቅሏቸዋል። ጠባቡን ቾክ ለሱቁ ልመልስ ቢል አንቀበልም አሉት።