የጃቫ ዌብ አፕን በፓኬጅ ማኔጀር ዲፕሎይ ማድረግ ምንድን ነው?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ወይ ወልድያ፣ የራሱ ሰርቨር ያለው መስሪያ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ነገሩ እንዲህ ነው፦ በጃቫ የተሰራ ሲስተም ቶምካት (የጃቫ ዌብ አፕ ሚያስነሳ ሰርቨር ፕሮግራም) ላይ ይሰራል፣ የጫነው ልጅ ግን ስራ ቀይሮ አዲስ አበባ ገብቷል። ፋይሉ የት እንደተቀመጠ፣ ስንተኛው ቨርዥን እንደሆነ፣ የዳታቤዙ ፓስወርድ የቱ ፋይል ውስጥ እንዳለ ሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፣ ስልኩን ካላነሳ አለቀ። ዲፕሎይ ማድረግ አፑን ሰርቨር ላይ ጭኖ ስራ ማስጀመር ነው። እሱን በፓኬጅ ማኔጀር፣ ማለትም ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን በሚጭንና በሚያዘምን መሳሪያ፣ ማድረግ ማለት ደግሞ ይሄን ሁሉ ከልጁ ጭንቅላት አውጥቶ ማሽኑ ራሱ እንዲያውቀው ማድረግ ነው።

መጀመሪያ የተለመደውን እንይ። ኮዱን በሜቨን (የጃቫ ኮድን ወደ ሚሰራ ፋይል ሚቀይር መሳሪያ) ቢልድ ስታደርጉት ዋር ፋይል ይወጣል፣ ዋር ያው ዚፕ ነው፣ ውስጡ የናንተ ክላሶችና የተጠቀማችሁባቸው ጃሮች (የጃቫ ላይብረሪ ፋይሎች) አሉ፣ እሱን የቶምካት ዌብአፕስ ፎልደር ውስጥ ስትጥሉት ቶምካት ራሱ ፈቶ ያስነሳዋል። ቀላል ስለሆነ ነው ሁሉም ሰው እንደዛ ሚያደርገው። ግን ሰርቨሩ ላይ ያለው ሊኑክስ፣ ዴቢያኑ ወይ ኡቡንቱው፣ ስለሱ ምንም አያውቅም። ቶምካቱን በአፕት (የዴቢያንና የኡቡንቱ ፓኬጅ ማኔጀር) ጭናችሁት ይሆናል፣ ላዩ ላይ ያለው አፕ ግን ለሲስተሙ ባዳ ነው፣ ከአፕት ስር ሆኖ ፓኬጆቹን ሚጭነውንና ሚመዘግበውን ዲፒኬጂን ይሄ ፋይል የማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁት አያውቀውም።

ፓኬጅ ስታደርጉት ዋሩ ዴብ ፋይል (የዴቢያን ፓኬጅ) ውስጥ ይገባል። አፕሊኬሽኑ ዩኤስአር ሼር (/usr/share) ሚባለው ፎልደር ስር ይቀመጣል፣ ሴቲንጉ ኢቲሲ (/etc) ስር ይሄዳል፣ ለቶምካት ደግሞ አፕህ እዚህ ጋ ነው ያለው ሚል ትንሽ ኤክስኤምኤል ፋይል ይጻፍለታል። ኮንትሮል ሚባል ፋይል አለ፣ እሱ ላይ ይሄ አፕ ቶምካት 10 ይፈልጋል፣ ጃቫ ይፈልጋል ምናምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ከዛ በኋላ አንድ የአፕት ትእዛዝ ሁሉንም አከታትሎ ያመጣል፣ አዲሱ ሰራተኛም ምን እንደተጫነና ስንተኛ ቨርዥን እንደሆነ ማሽኑን ጠይቆ ያገኘዋል።

እኔ ከሁሉም በላይ ምወደው የሴቲንግ ፋይሎቹን አያያዝ ነው። ዋር ኮፒ ስታደርጉ ቶምካት የፈታው ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ ፓስወርድ ካስተካከላችሁ፣ አዲስ ዋር ሲመጣ ቶምካት የድሮውን ፎልደር አጥፍቶ እንደገና ይፈታዋል፣ ያስተካከላችሁት አብሮ ይሄዳል። በፓኬጅ ግን ኢቲሲ ስር ያለውን ፋይል ነክታችሁት ከሆነና አዲሱ ቨርዥንም የተቀየረ ፋይል ይዞ ከመጣ፣ ዲፒኬጂ ቆም ብሎ የናንተን ልተው ወይስ አዲሱን ልውሰድ ብሎ ይጠይቃል።

የቶምካት ቨርዥን ጉዳይም አለ። ዴቢያን 11 ላይ ቶምካት 9 ነበር፣ ዴቢያን 12 ላይ ሰርቨሩ ቶምካት 10 ሆነ፣ 10 ላይ ደግሞ ኮዱ ውስጥ ሚጠሩት የጃቫክስ ላይብረሪ ስሞች ወደ ጃካርታ ስለተቀየሩ ለ9 የተጻፈ ዋር እንዲሁ ቢጣልበት አይነሳም። ኮንትሮሉ ላይ ቶምካት 9 ብላችሁ ከጻፋችሁ አፕት ገና ከመጫኑ በፊት ይሄ አይሆንም ብሎ ይመልሳችኋል፣ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ኤረር ከማንበብ ይሻላል።

አሁን ከባዱ። ዴቢያን ራሱ ውስጥ ሚገባ የጃቫ ፕሮግራም ጃሮቹን በሆዱ ይዞ እንዲመጣ አይፈለግም፣ እያንዳንዱ ጃር የራሱ ፓኬጅ ሆኖ ከሶርስ ኮድ ቢልድ መደረግ አለበት፣ ሜቨን ከኢንተርኔት እያወረደ ቢልድ ማድረግ አይፈቀድም። ለምን ይሄ ሁሉ ትላላችሁ፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 2021 የሎግፎርጄን (ብዙ የጃቫ አፖች ሎግ ለመጻፍ ሚጠቀሙበት ላይብረሪ) የደህንነት ክፍተት አስታውሱ። ሎግፎርጄን ዋሩ ውስጥ ይዞ የመጣ አፕ ሁሉ አፕት አፕግሬድ ቢባልም ክፍተቱ እንዳለ ነው፣ አንድ በአንድ መስተካከል ነበረበት። ከዲስትሮው (ከዴቢያኑ ወይ ከኡቡንቱው) ፓኬጅ ሚጠቀሙት ግን ያን አንድ ፓኬጅ አፕዴት አድርገው ሪስታርት ማድረግ በቂያቸው ነበር። በሌላ በኩል በስፕሪንግ (የጃቫ አፕ መስሪያ ፍሬምወርክ) የተሰራ አፕ ስንት ጃር እንዳለው ታውቃላችሁ፣ ሁሉንም ለየብቻ ፓኬጅ ማድረግ ለትንሽ ቢሮ አይታሰብም። ስለዚ መሀል ያለው መንገድ ጃሮቹን ውስጡ ይዞ የራስን ዴብ መስራትና በራስ ሪፖዚተሪ (አፕት ፓኬጅ ሚያወርድበት ማከማቻ) ማስቀመጥ ነው፣ ኮድ በራሱ ቢልድና ቴስት ሚያደርገው ጄንኪንስም እንደዛ ነው ሚሰራጨው፣ እንደውም ጄቲ ሚባለውን ሰርቨር ዋሩ ውስጥ ይዞ ስለሚመጣ ቶምካትም አይፈልግም። ያኔ ግን የጃሮቹን ክፍተት መከታተል የናንተ ስራ መሆኑን እወቁት።

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያላችሁ ልጆች አብሽሩ፣ መጀመሩ አይከብድም፣ ጄዴብ ሚባል የሜቨን ፕለጊን አለ፣ ዋሩን ስትሰሩ ዴቡንም አብሮ ያወጣላችኋል፣ ዊንዶውስ ላይም ይሰራል። ኢንተርኔት ሚቆራረጥበት ቢሮ ከሆነ ደግሞ አፕት ካሸር ኤንጂ አንድ ማሽን ላይ ጫኑ፣ እሱ አንዴ ያወረደውን ሌሎቹ በቢሮው ኔትወርክ ከሱ ይወስዳሉ።

አዲሱ ቨርዥን ከተበላሸ ሪፖዚተሪያችሁ ላይ የድሮው እስካለ ድረስ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ በአፕት ትመልሱታላችሁ። ዳታቤዙ ግን አብሮ አይመለስም፣ አዲሱ ቨርዥን ቴብሎቹን ቀይሯቸው ከሆነ የድሮው አፕ ላያነባቸው ይችላል፣ ስለዚህ ፓኬጁ ከመጫኑ በፊት ሚሰራው ስክሪፕት ላይ ዳታቤዙን (ለምሳሌ ፖስትግሬስ ከሆነ እሱን) ባክአፕ ሚያደርግ መስመር አስገቡ።