የሸርጣን ቅሪተ አካል ምንድን ነው? ሬሳ ወይስ የተጣለ ቅርፊት?
«በአንድ የድንጋይ ንጣፍ ላይ ብዙ የሸርጣን ቅሪተ አካል ከተገኘ፣ በዚያ ቦታ ሸርጣኖች በጅምላ አልቀዋል፤ ስለዚህ ባሕሩ ተመርዞ ነበር» የሚል ማብራሪያ ሰሞኑን ደግሜ አነበብሁ። ለስሕተቱ ቃሉ ራሱ መንገድ ይከፍታል፤ «ቅሪተ አካል» ሲባል ሰሚው የሬሳ ትራፊ ይመስለዋል። ከሸርጣን ቅሪተ አካላት ግን ብዙዎቹ ባለቤታቸው በሕይወት ሳለ ጥሏቸው የሄደ ቅርፊቶች ናቸው።

የሸርጣን ቅርፊት ከእንስሳው ጋር አያድግም። በአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ የሚኖረው ሰማያዊ ሸርጣን እስኪጎለምስ ድረስ 20 ጊዜ ያህል ይቀይረዋል፤ ሬሳው ግን አንድ ነው። አንዲት እናት ልጇን የጠበበውን ልብስ ሁሉ በሣጥን ብታከማችና እንግዳ ሣጥኑን ከፍቶ «በዚህ ቤት 20 ልጆች ሞተዋል» ቢል ማን ይቀበለዋል? ልብሱ በስፋቱ የልጁን እድገት ይናገራል፤ የተፈታው ቁልፍም ባለቤቱ አውልቆት መሄዱን ያሳያል። የሸርጣኑም ጋሻ (ጀርባውን የሚሸፍነው ትልቁ ቅርፊት) በጎኑ ባለ ስፌት መሰል መስመር ይከፈታል፤ ከኋላው ቀና ሲል እንስሳው በዚያው ወደ ኋላ ይወጣል። ስለዚህ ድንጋዩን በማጉያ መነጽር ስናይ፣ በጋሻውና ከሆዱ ሥር በታጠፈው ጭራ መካከል ክፍተት ካለ የተጣለ ቅርፊት መሆኑን እንጠረጥራለን። እንጠረጥራለን ያልሁት በምክንያት ነው፤ የሚበሰብስ ሬሳም በዚያው መስመር ሊከፈት ስለሚችል በአንድ ናሙና ብቻ አይፈረድም። ሸርጣኑ ከመውጣቱ በፊት ከአሮጌው ቅርፊት ከፊሉን ካልሲየም መልሶ ስለሚወስድ የሚቀረው ስስ ነው፤ ልጅ ግን ከሚያወልቀው ሸሚዝ ክር መዝዞ አይሄድም።

ስለ ጥንቱ ባሕር የሚነግረንም ይኸው ስስነት ነው። እንዲህ ያለ ቅርፊት ከነእግሩ ተጋጥሞ ከተገኘ ወለሉ ጸጥ ያለ እንደነበረና ደለሉ ፈጥኖ እንደሸፈነው እንረዳለን። በኦስትሪያ በኤርንስትብሩን የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ከ150 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቴቲስ በሚባለው ጥንታዊ ባሕር የኮራል ሪፍ (ኮራል የሚባሉ ትናንሽ የባሕር እንስሳት በአጽማቸው የገነቡት የድንጋይ ክምር) ነበር፤ እዚያ የምናገኘው በአብዛኛው እግርና መቆንጠጫ የሌለው ትንሽ ጋሻ ነው። ብዛቱ የሚመሰክረው ስለ እልቂት ሳይሆን በሪፉ ጉድጓዶችና ስንጥቆች ስለተጠለለው የበዛ ሕይወት ነው። በዚያ ዘመን ሪፎች ሲስፋፉ የሸርጣን ዝርያዎች በዝተዋል፤ ሪፎቹ ሲመናመኑም ዝርያዎቹ አብረው ቀንሰዋል።

ባሕሩ ተመርዞ ነበር ለማለት ሌላ ዓይነት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ጋሻቸውና ጭራቸው ያልተላቀቁ ትናንሽና ትላልቅ ሸርጣኖች በአንድ ስስ ንጣፍ ላይ፣ ከጎናቸውም አብረዋቸው ያለቁ ዓሦችና ቀንድ አውጣዎች መገኘት አለባቸው።