ፈረንሳይ ከ14 የአፍሪካ አገሮች "ግብር" ትሰበስባለች?

ይሄ ወሬ ደጋግሞ ስለሚነሳ ባጭሩ ላስረዳ። ግብር የሚባል ነገር የለም። ያለው አገሮቹ የሚገበያዩበት፣ ሴኤፍኤ ፍራንክ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1945 በቅኝ ግዛት ዘመን የተፈጠረ ገንዘብ ነው። ዋጋው ከዩሮ ጋር ተቆርጧል፦ 1 ዩሮ 655.957 ፍራንክ፣ ንቅንቅ የለም። ፍራንኩ በዚህ ዋጋ ወደ ዩሮ እንደሚመነዘር ዋሷ ፈረንሳይ ናት፤ በምላሹም ማዕከላዊ ባንኮቹ ከውጭ ምንዛሪ መጠባበቂያቸው ግማሹን ፓሪስ፣ የፈረንሳይ ግምጃ ቤት ያስቀምጡ ነበር። ገንዘቡ የራሳቸው ነው፣ ወለድም ያገኙበታል። "ግብር" ያሰኘው ይሄ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ዳካር ውስጥ ከፈረንሳይ የ1,000 ዩሮ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ዛሬም ከርሞም 655,957 ፍራንክ ይከፍላል፤ ተመችቶታል። ምርቱን በዶላር የሚሸጠው ግን ዩሮ በጠነከረ ቁጥር እጁ ላይ የሚገባው ፍራንክ ይቀንሳል፣ መንግሥቱም ብቻውን ምንዛሪውን ዝቅ አድርጎ ሊረዳው አይችልም። በጥር 1994 ደግሞ ፍራንኩ በአንድ ጀምበር ከፈረንሳይ ገንዘብ አንጻር የዋጋውን ግማሽ አጣ። በእኔ እይታ ከግብሩ ወሬ ይልቅ መነጋገሪያ መሆን ያለበት ይሄ፣ ማለትም የመወሰን ሥልጣን ነው።

ሁሉም አገር ግን እኩል አይደለም። ለ8ቱ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች በታኅሣሥ 2019 በተደረገው ስምምነት የፓሪሱ ተቀማጭ ቀርቷል፣ ተመኑና ዋስትናው ግን አሉ። የመካከለኛው አፍሪካ 6 አገሮች በዚያ ስምምነት የሉበትም።