ኬልቪን ምንድን ነው?

«ሳሎኔ ጨለመብኝ» ላለ ሰው «6500 ኬልቪን አምፖል ግዛ፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ቤቱ ይደምቃል» ተብሎ ሲመከር በድጋሚ አየሁ። ወንድሜ፣ አይደምቅም! ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል እንጂ።

ኬልቪን የብርሃኑን ቀለም ይነግራችኋል። መጠኑን የሚነግራችሁ ሉመን ነው። በድምፅ አስቡት፤ ኬልቪን ድምፁ ቀጭን ነው ወይስ ወፍራም የሚለው ነው፣ ሉመን ደግሞ ምን ያህል ጮኸ የሚለው። ድምፁ የቀጠነ ሁሉ አይጮህም። 800 ሉመን ያላቸው ሁለት አምፖሎች፣ አንዱ 2700 ሌላው 6500 ኬልቪን ቢሆኑም፣ እኩል ነው የሚጮኹት።

«ለዓይኔ ግን ነጩ፣ 6500ው፣ ይደምቅብኛል» ያለኝ አለ። ልክ ነው፣ እንደዚያ ሊመስል ይችላል፤ ቀጭን ድምፅም ጆሮ ላይ ጎልቶ ይሰማል። ደግሞ አንዳንድ ነጭ ኤልኢዲ በዚያው ዋት ትንሽ ሉመን ይጨምራል። ዓይን ግን ቶሎ ይለምዳል። ጥቂት ከተቀመጣችሁ በሁለቱም ብርሃን ነጭ ወረቀት ነጭ ሆኖ ይታያችኋል። ዓይን የማይለምደው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ 2700 እና 6500 መቀላቀል፣ በተለያየ ቅኝት የሚዘፍኑ ሁለት ሰዎችን አንድ መድረክ ላይ ማውጣት ነው።

ክፍል ከጨለመ ሉመን ጨምሩ፣ ወይም መብራቱን ወደ ግድግዳው አዙሩት። የክፍልን ድምቀት የምንገምተው ከወለሉ ይልቅ ከግድግዳው ነው። ግድግዳው ጥቁር ግራጫ ከሆነ ግን አብዛኛውን ብርሃን ይውጠዋል፤ አምፖሉን አትውቀሱት።

ኬልቪን የሙቀት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩም የመጣው ከጋለ አካል ነው። ብረት ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ነጭ ይሆናል። ለዚህ ነው «ሞቃት» የምንለው ቢጫማ ብርሃን ትንሹን ቁጥር የያዘው። ኤልኢዲ ውስጥ 2700 ኬልቪን የሚግል ነገር የለም፤ ቀለሙ ስለሚመሳሰል ብቻ ነው። ቤትም አያሞቅላችሁም።

ሳትጠይቁኝ አንድ ልጨምር። 3000 ኬልቪን የተጻፈባቸው ሁለት አምፖሎች አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ሮዝ ቢጤ ሊሆኑ ይችላሉ። የነገሮችን ቀለም በትክክል ማሳየታቸውን የሚለካው ደግሞ ሌላ ቁጥር ነው፤ ሲአርአይ ይባላል፣ ጣሪያው 100 ነው። እሱም ቢሆን የ8 ፈዛዛ ቀለሞች አማካይ ስለሆነ ደማቁ ቀይ አይገባበትም። የሰው ፊትና ቀላ ያለ እንጨት የሚያሳስባችሁ ከሆነ፣ ደማቁን ቀይ የሚለካውን፣ አር 9 የሚባለውን ቁጥር ለብቻው ጠይቁ።