«የመጀመሪያው ማቴ የሞኝ ነው»

ባለፈው ሰሞን አርጀንቲና ኖሮ የመጣ ወዳጄ ጋር ስለ ንግድ እያወራን፣ «ተው አትቸኩል፤ እዚያ አገር የመጀመሪያው ማቴ የሞኝ ነው ይላሉ» አለኝ። ሌላው ቀድሞ ይክሰር፣ አንተ ከኋላ ትደርሳለህ ማለቱ ነው። ከነከነኝ። አባባሉ እንደዚህ አይደለም! ማቴ እዚያ አገር በቅል የሚጠጣ፣ እንደ ሻይ ያለ የቅጠል መጠጥ ነው።

ነገሩ የሚገባው ቅሏ ስትዘጋጅ ያየ ሰው ነው። እኔ ያየሁት ቅጠሉ በሚበቅልበት በአርጀንቲና፣ በሚሲዮኔስ ክፍለ ሀገር ገጠር ነው። ያረፍኩባቸው እናት ሰማንያን ተሻግረዋል፤ ግን ሳይነጋ ተነስተው እሳት ያነዳሉ። ትንሿን ቅል ከግማሽ በላይ በየርባ ቅጠል ይሞሏታል። አፏን በመዳፋቸው ከድነው ይገለብጧትና ነቅነቅ ነቅነቅ ያደርጓታል። መዳፋቸው ላይ የቀረውን አረንጓዴ ብናኝ እፍ ይሉታል። ከዚያ ቅጠሉን ወደ አንድ ጎን አጋድመው በጎድጓዳው በኩል ለብ ያለ ውሃ ጠብ ያደርጋሉ። ቅጠሉ ውሃውን ሲጠጣ ቦምቢሻውን ይሰኩታል፤ ጫፉ እንደ ወንፊት የተበሳሳ የብረት መምጠጫ ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካካውም። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለው ውሃ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ከፈላ ቅጠሉን ያቃጥለዋል።

የመጀመሪያዋን የሚጠጡት ራሳቸው ናቸው። መራራ ናት፣ ቀዝቀዝ ያለች፣ ብናኝ የበዛባት። ፊታቸው ጭምድድ ይላል። «ሞኟ ጠጣች፤ አሁን እናንተ ጠጡ» ይሉና ቅሏን ሞልተው ለእኔ፣ ተቀብለው እንደገና ሞልተው ለልጃቸው። ቅሏም አንድ፣ መምጠጫውም አንድ። «አመሰግናለሁ» ያለ ሰው በቃኝ ማለቱ ነው፤ ተራው ያልፈዋል።

እንግዲህ ሞኙ ቀጂው ነው። አንዳንዶች ቀድሞ የሚቀምሰው መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት ነው ይላሉ። እኔ አልቀበለውም፤ መርዝ የሚፈራ ሰው ከሌላው ጋር በአንድ መምጠጫ አይጠጣም። የእኚያ እናት አባት የየርባ ቅጠል ለቃሚ ነበሩ። ልጅ ሆነው ያዩ እንደነበር፣ ጫካ ውስጥ ከሁሉም ቀድመው የሚነሱት፣ ለጓደኞቻቸው እሳት የሚያነዱትና ያቺን መራራ የሚጠጡት አባታቸው ነበሩ። አባባሉ የተወለደው እንደዚያ ባለ እሳት ዳር ይመስለኛል። «ሞኝ» ያሉት ተኝተው የቆዩት ናቸው፣ ያውም በፍቅር።

አርጀንቲና በ2013 እ.ኤ.አ. ማቴን ብሔራዊ መጠጥ ብላ በሕግ ያወጀችው ለጣዕሙ ብቻ አይመስለኝም። ይህን አባባል ለፈሪ ነጋዴ መምከሪያ ማድረግ ነውር ነው። ወዳጄን ሳገኘው አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ አንተ እዚያ አገር ሳለህ ሁልጊዜ ሁለተኛው ማቴ ሲደርስህ፣ የመጀመሪያውን ማን ጠጣልህ?