ሲቭሳጋር፦ የአሆም ነገሥታት አገር

ሲቭሳጋር በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በአሳም ክፍለ ግዛት የሚገኝ አውራጃ ነው። ዛሬ የሚታወቀው በሻይ እርሻና በነዳጅ ጉድጓዶቹ ነው። ድሮ ግን ለ600 ዓመት ያህል የዘለቀው የአሆም መንግሥት እምብርት ነበር።

በ1228 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሱካፋ የሚባል የታይ ሕዝብ መስፍን ተከታዮቹን አስከትሎ የፓትካይን ተራሮች ተሻገረ። በብራህማፑትራ ወንዝ ሸለቆም መንግሥቱን መሠረተ። አብዛኛውን ሕንድ ይገዙ የነበሩት ሞጎሎች ደጋግመው ዘምተውበት ይህን መንግሥት ጠቅልለው መያዝ አልቻሉም። ያዳከመው የእርስ በርስ ሽኩቻና የበርማ ወረራ ነው፤ በ1826 አገሩ በእንግሊዞች እጅ ገባ።

ከታሪኩ ሁሉ ልብ የሚነካው የጆይሞቲ ነው። ባሏ ልዑል ጋዳፓኒ ከንጉሡ ሸሽቶ ተደብቆ ነበር። «የት ነው?» ብለው አሠቃዩዋት። ሳትናገር ሞተች። ባሏ ኋላ ነገሠ፤ ልጇ ሩድራ ሲንጋ ደግሞ ተራው ሲደርስ በ1697 ለመታሰቢያዋ ጆይሳጋርን አስቆፈረ። ኩሬ ይሉታል እንጂ ሐይቅ ነው፤ ዳርቻውን ጨምሮ 318 ኤከር ያህል ይሸፍናል።

ለአውራጃው ስም የሰጠውን ኩሬ ደግሞ ያስቆፈረችው ሴት ናት፤ ንግሥት አምቢካ። የስሙ ትርጉም «የሺቫ ባሕር» ማለት ነው፤ ሺቫ የሂንዱዎች አምላክ ነው። ውኃው ከከተማው መሬት ከፍ ብሎ መተኛቱ ያስገርማል። ዳር ላይ 32 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የሺቫ ቤተ መቅደስ ቆሟል። በሺቫራትሪ በዓል ግቢው በምእመናን ጢም ይላል።

ራንግጋር ባለ ሁለት ፎቅ የንጉሥ መመልከቻ ነው። ጣሪያው የተገለበጠ ጀልባ ይመስላል። ነገሥታቱ እዚያ ተቀምጠው የጎሽ ፍልሚያና የቢሁ በዓል ጨዋታ ያዩ ነበር። በቅርብ ርቀት ያለው ታላታልጋር ደግሞ ምድር ቤቶች ያሉት ቤተ መንግሥት ነው። ሲሚንቶ ባልነበረበት ዘመን ጡቡን ያያያዙት በሚያጣብቅ ሩዝና በዳክዬ እንቁላል በተለወሰ ኖራ ነው።

ጊዜ ካላችሁ ቻራይዴኦን እንዳታልፉት። የመጀመሪያው መናገሻ ነው፤ ከ2015 ወዲህ ራሱን የቻለ አውራጃ ሆኗል። ነገሥታቱ የተቀበሩት እዚያ፣ ማይዳም በሚባሉ በሣር የተሸፈኑ የአፈር ጉብታዎች ውስጥ ነው። ዩኔስኮ በ2024 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ለጉብኝት ከኅዳር እስከ የካቲት ይመረጣል፤ ክረምቱ ዝናቡ ከባድ ነው።